ለግድግዳው የሰጠሁት ጆሮ

ልብስ ስፌት ቤቱ ውስጥ «እቴጌ» ነው የሚሉኝ። በግራዬ መጥቶ ሰላም ያለኝን ሰው ዞር ብዬ ስለማላይ ነው። የትኛዋ እቴጌ ናት እስቲ፣ ቀኑን ሙሉ የሰው ኮሌታ ስትገለብጥ የምትውለው?

እውነቱን ለመናገር ግራ ጆሮዬ አይሰማም። ባሌ በጥፊ ያጮለኝ ጊዜ ጭው አለ፤ ሰንብቶ መግል ቋጠረ፤ በኋላ ጭራሽ ዝም አለ። ለማንም አልተናገርኩም፣ ለእሱም ጭምር። «ልታሳጪኝ ነው?» ብሎ በቀኜ እንዳይመጣ ፈራሁ። ስለዚህ የስፌት መኪናዬን ግድግዳው ስር አስጠግቼ፣ የሞተውን ጆሮ ለግድግዳው፣ ደህናውን ለሰው ሰጥቼ እሠራ ነበር።

በቅርቡ አለቃችን ብርሃን ይግባ ብላ መኪናዎቹን ሁሉ አዟዟረቻቸው። በግራዬ የተቀመጠችው ቁልፍ ተካይ ጥቂት ቀን አወራችኝና ተወችኝ። ምን ታድርግ፣ ከግንብ ጋር አይወራ ነገር። ምሳ ሰዓት ተጠራርተው ይወጣሉ፤ እኔ ቀና ስል ክፍሉ ባዶ ነው። ሆድ ባሰኝ። በዚያ ሁሉ ሰው መሀል ብቻዬን ነበርኩ።

አንድ ቀን ራሴን አዞረኝና መኪናው ላይ ተደፋሁ። አለቃዬ ደግ ያደረገች መስሏት ባሌ ጋ ደወለች። «እኔን! እኔን!» እያለ ደግፎ ክሊኒክ ወሰደኝ። በሰው ፊት እንደሱ አዛኝ የለም።

ሐኪሟ፣ ማዞር ከጆሮም ይመጣል ብላ፣ ጆሮዬን በመብራት አየች።

«የግራው ታምቡር ተቀዷል፤ ቆይቷልም። ምን ሆነሽ ነው፣ እህቴ?»

ባሌ በግራዬ ተጠግቶ፣ ትከሻዬን እያሻሸ፣ ጆሮዬ ስር አንሾካሾከ። ትኩስ ትንፋሹ ብቻ ደረሰኝ። ምን እንደሚል መች ይጠፋኛል፤ ወድቄ ነው በይ፣ አለዚያ ቤት ስንገባ እንተያያለን ነው። ቃሉን ግን አልሰማሁትም። ያለ ቃል የመጣ ዛቻ ደግሞ እንደ ወትሮው አፌን አልዘጋውም።

«ምን አለሽ?» አለችኝ ሐኪሟ።

«እንጃ። በዚህ ጆሮዬ አልሰማም። የመታኝ እሱ ነው።»

እጁ ትከሻዬ ላይ ደርቆ ቀረ። ከዚያ ሳቀ። «ራሷን አዙሯት እኮ ነው፣ ዶክተር።»

ሐኪሟ አልሳቀችም። «እርስዎ ውጭ ይጠብቁ» አለችው።

ወጣ። ማታ የት እንደማድር እንኳ አላውቅም። ሐኪሟ በሩን ቆለፈች። ከዚያ ወንበሯን ስባ፣ ዞራ መጥታ፣ በቀኜ በኩል ተቀመጠች።