የጋዝ ጠቋሚው እና የሪሃብ ፋቲሃ

ጨርቁ ሽቶ ሽቶ እንደሚል ያስተዋልኩት የሦስት ፎቅ ሰው መንገድ ላይ ከፈሰሰ በኋላ ነው።

ያን ማምሻ የልጄ የሪሃብ ፋቲሃ፣ ማለትም የእጮኝነቷ ዱዓ፣ ሊቀራ ነበር። የእጮኛዋ ቤተሰቦች ከመህዲያ ከተማ እኛ ዘንድ ስፋቅስ ድረስ መጥተዋል። ፋቲሃው ከተቀራ ነገሩ አለቀ። የእጮኛዋ እናት ወይዘሮ ዘኪያ ግን ከእኛ በፊት ለልጃቸው ሚስት ፍለጋ ሁለት ቤት ገብተው ሁለቱንም ሳይወዱ የወጡ ሴት ናቸው።

ሪሃብ ዩኒቨርሲቲ የምትሠራው ከአቧራ በላመ የቆርቆሮ ኦክሳይድ ዱቄት ላይ ነው። የሚነድ ጋዝ ሲነካው ኤሌክትሪክ የማሳለፍ አቅሙ ይለወጣል፤ ያኔ ዱቄቱ ያለበት ጠቋሚ ሳጥን ይጮሃል። ማእድ ቤት የጋዝ ሲሊንደር እያለ እንቅልፍ እንደማይወስደኝ ስለምታውቅ አንዱን ሠርታ ከወለሉ ጥቂት ከፍ አድርጋ ሰቀለችልኝ። «እማ፣ ይሄ ነገር አይመርጥም፤ የሚነድ ተን ካገኘ ይጮሃል» ብላኝ ነበር። እኔ የሰማሁት «ይጮሃል» የሚለውን ብቻ ነው።

ለእንግዶቹ ጭማቂ ልቀዳ ማእድ ቤት ስገባ ሳጥኑ ላይ አቧራ አየሁ። እንግዳ ቢያይስ? በእጄ በያዝኩት ጨርቅ ወለወልኩት። ወንዶቹ ለፋቲሃው መዳፋቸውን ሲዘረጉ ጮኸ።

ውጡ አልኩ። ስንት ዓመት ይህን ቀን ስጠብቅ ስለኖርኩ ድምፄ ተዘጋጅቶ ነበር።

ጎረቤቱም ሁሉ ወጣ፤ ግን ጋዝ ከገበያ ከጠፋ ሰንብቷልና ሲሊንደሩን ትቶ የወጣ የለም። እያንከባለሉ አውርደው አስፋልቱ ዳር ደረደሯቸው። ከላያችን የሚኖሩት ጡረተኛው አቶ ሙንጂ ሲሊንደራቸው ላይ ተቀምጠው ሲጋራ ሊለኩሱ ሲሉ እጃቸውን መታሁ።

ሳጥኑንም እንዳይቃጠል ብዬ ይዤው ወጥቻለሁ። በባትሪ ስለሚሠራ እዚያም ይጮሃል።

«ከተማው ሁሉ ሊፈነዳ ነው ማለት ነው» አሉ አቶ ሙንጂ።

«ታዲያ ወዴት እንሂድ?» አለ አንድ ጎረቤት።

«ወደ ባሕሩ ነዋ።»

ሰዉ ሲሊንደሩን እንደገና ማንሳት ጀመረ።

ሪሃብ ሳጥኑን ተቀብላኝ አሸተተችው። «እማ፣ በምን ጠረግሽው?»

እስካሁን እጄ ላይ የቀረውን ጨርቅ ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁ። ጠዋት የተደፋውን የባሌን ሽቶ ያደረቅኩበት ነው፤ ሽቶ ደግሞ አልኮል ነው፣ ተኑ ይነዳል።

በቃ፣ ልጄን ያለ ባል አስቀረኋት አልኩ። ወይዘሮ ዘኪያ ቀስ ብለው መጥተው ጆሮዬ ሥር «አንቺም ማታ ማታ ትፈሪያለሽ?» አሉኝ።

«ቀንም እፈራለሁ።»

«እኔ የሲሊንደሩን መክፈቻ ፈትቼ ትራሴ ሥር ነው የማሳድረው። ልጆቼ እብድ ይሉኛል።» ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ና መዳፍህን ዘርጋ። እንዲህ በሚፈራ ቤት ሰው አይቃጠልም።»

ፋቲሃው እዚያው፣ ሲሊንደር ላይ እንደተቀመጥን ተቀራ።

እንግዶቹ ሲሄዱ ሲሊንደሮቹም ወደየቤታቸው ገቡ፤ የማን የትኛው እንደሆነ ግን የሚያውቅ አልነበረም። ለእኛ የደረሰን የሰው ነው። ሳጥኑ ዝም ብሏል።

«ዝም ያለው ደህና ስለሆነ ነው» አለች ሪሃብ።

«ወይም ስለሞተ።»

ጨርቁን ጠጋ አደረግኩለት። ጮኸ። ልቤ ተመለሰ።

ጩኸቱን ሰምተው ኖሮ፣ ከላይ የአቶ ሙንጂ ሲሊንደር እንደገና ድው ድው እያለ ደረጃውን ሲወርድ ሰማሁ። በሩን ቆለፍኩ።