መታ ወይስ መጣ

በ፲፱፻፶ ዓ.ም. በደብረ ብርሃን ቴሌግራፍ ቤት የሚሠሩት ሁለቱ ሰዎች ሰላምታ አይለዋወጡም ነበር። አንደኛው ኃላፊው አቶ ወልደተንሣኤ ናቸው፤ ሌላው ብርሃነ መስቀል የሚባል የአንኮበር ቄስ ልጅ ነው። ጠባቸው የፊደል ጠብ ነበር።

ቴሌግራፉ የነጥብና የሰረዝ ምት ያለው ለፈረንጅ ፊደልና ለቁጥር ብቻ ነው። ስለዚህ አማርኛው በፈረንጅ ፊደል ተመትቶ ይላካል፤ ተቀባዩ እየሰማ መልሶ በአማርኛ ይጽፈዋል። በዚያ መንገድ ግን «ተ» እና «ጠ» አንድ ምት ናቸው። የትኛው እንደሆነ ጸሐፊው በግምት ይለያል።

ብርሃነ መስቀል ፊደሉን በቁጥር ለወጠው። ቤቶቹን ከሀ ጀምሮ በተራ ቆጠራቸው፤ ተ አሥራ አንደኛ፣ ጠ ሃያ ሰባተኛ ሆኑ። ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ላሉት ደግሞ ከአንድ እስከ ሰባት ሰጣቸው። «ታ» አሥራ አንድና አራት፣ «ጣ» ሃያ ሰባትና አራት ማለት ነው። ይህንን ይዞ ኃላፊው ፊት ቀረበ።

«አንድ ቁጥር አምስት ምት ይፈጃል» አሉ አቶ ወልደተንሣኤ። «ለአንዲት ፊደል ሦስት ቁጥር ስትመታ ልትውል ነው? የሌላው ሰው መልእክት በምን ሽቦ ይላክ?»

«ከሚሳሳት ቢዘገይ አይሻልም ጌታዬ?»

«እኔ አልሳሳትም። ያባትህን ቤት ቅኔ እዚያው አንኮበር ተወው።»

ከዚያ ወዲህ ነው የተኳረፉት።

በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ለይሁኔ ከአዲስ አበባ ቴሌግራም መጣ። ይሁኔ ከከተማው ዳር የሚያርስ ሰው ነው። ከጎረቤቱ ከገብረአብ ቤተሰብ ጋር በወሰን የተነሣ ደም ሊፋሰሱ ምንም አልቀራቸውም ነበር። ወንድሙ ወልደአረጋይ አዲስ አበባ ታሞ ተኝቷል፤ ቴሌግራሙን የላከውም እዚያ ያለ አጎታቸው ነው። ገብረአብም በዚያው ሰሞን ለጉዳዩ አዲስ አበባ ሄዶ ነበር። ምቱን የሰሙት አቶ ወልደተንሣኤ ሲሆኑ፣ የጻፉት እንዲህ ነበር፦ «ገብረአብ ወንድምህን ይዞ መታ። ዛሬ ጠብቀው።»

ይሁኔ ፊደል ያውቃል። አነበበና ሽመሉን አንሥቶ አውቶቡስ ከሚቆምበት ሄደ።

አውቶቡሱ ሲቆም ቀድሞ የወረደው ገብረአብ ነው። ወርዶም ወደ በሩ ዞረና የታመመ ሰው ለመደገፍ ክንዱን ዘረጋ። ሽመሉ ያረፈው በዚያ ክንድ ላይ ነው። አጥንቱ ሲሰበር ሰው ሁሉ ሰማ።

«ይሁኔ! ምን ነካህ!» አለ ወልደአረጋይ ከበሩ ላይ ሆኖ፣ ድምፁ እየተቆራረጠ። «ደግፎ ያመጣኝ እኮ እሱ ነው!»

በማግስቱ ሁለቱ ቤተሰቦች ዱላ ይዘው ሊገናኙ ሲሉ ሽማግሎች መሐል ገቡ። የሽማግሎቹ አፈ ጉባኤ መሪጌታ ገብረ ጻድቅ ነበሩ። ይሁኔ ወረቀቱን ሲያሳያቸው ሁሉንም አስከትለው ወደ ቴሌግራፍ ቤት መጡ።

«አጎትየው የላከው ‹ይዞ መጣ› ብሎ እንደሆነ ወልደአረጋይ ነግሮናል» አሉ መሪጌታ። «‹መታ› ያለው ማነው?»

«የሰማሁትን ጻፍሁ» አሉ አቶ ወልደተንሣኤ ከወንበራቸው ሳይነሡ። «ጥፋቱ የላኪው ነው።»

መሪጌታ ወደ ብርሃነ መስቀል ዞሩ። «አንተስ ምን ትላለህ?»

«ላኪው አላጠፋም፤ በሽቦው ላይ ‹መጣ› እና ‹መታ› አንድ ናቸው» አለ። «በቁጥር እንላከው ብዬ ነበር። እምቢ አሉ።»

ከገብረአብ ዘመዶች አንዱ ዱላውን ጠበቅ አድርጎ ያዘና ወደ ኃላፊው ተራመደ፤ መሪጌታ በክንዳቸው ገቱት።

አቶ ወልደተንሣኤ አሁን ተነሡ፤ ፊታቸው ግን ወደ ብርሃነ መስቀል ብቻ ነበር። «የመሥሪያ ቤት ምስጢር ነው ያወጣኸው። ከዛሬ ጀምሮ የቴሌግራፉን መምቻ ቁልፍ አትነካም። ወረቀት አዳይ ሁን፤ በእግርህ!»

ሽማግሎቹ ይሁኔ የገብረአብን እርሻ እንዲያርስለት ፈረዱ። ቴሌግራፍ ቤቱ ላይ መፍረድ አልቻሉም። ኃላፊው በወንበራቸው ቀሩ፤ አጻጻፉም እንደነበረ ቀጠለ።

ክረምቱ ሲገባ ብርሃነ መስቀል የሚያድለው አንድ ወረቀት የገብረአብ ሆነ። ጭቃውን እየረገጠ ሄደ። ይሁኔ በዝናብ ውስጥ የገብረአብን በሬዎች ጠምዶ ያርሳል፤ ቀና ብሎም አላየው። ገብረአብ በሩ ላይ ቆሟል፤ ክንዱ ተጣሞ ነው የገጠመው።

«ቴሌግራም አለህ» አለው ብርሃነ መስቀል።

«ማን ጻፈው?»

«ኃላፊው።»

«አንተ ሰምተኸዋል?»

«አልሰማሁም። አያስነኩኝም።»

ገብረአብ ወረቀቱን አልተቀበለውም። «መልሰው» አለ። «የሚፈልገኝ ካለ ሰው ይላክብኝ።»

በሩንም ዘጋው።