ነፋሱ የመጣ ዕለት

ፍሬሕይወት ካሜራው ያነሳውን ምስል አይታ ላፕቶፗን በንዴት ከደነችው። ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ምስሉ ላይ ያሉት ከዋክብት በሙሉ ደብዝዘዋል። ከቤቱ በስተምሥራቅ ካለው አውድማ የሚነሳው የጤፍ እብቅ በነፋስ እየተገፋ ቴሌስኮፑ ላይ ይወርዳል።

ተወልዳ ያደገችው ደሴ ነው፤ ቆቦ የመጣችው በፊዚክስ መምህርነት ተመድባ ነው። ቴሌስኮፑን ከተማረችበት ዩኒቨርሲቲ ተውሳ፣ ከከተማው ጥግ በተከራየችው ቤት ጓሮ ተክላዋለች። ከትናንት በስቲያ አንድ እጅግ ሩቅ ኮከብ ሲሞት የጋማ ጨረር ፍንዳታ ታየ። ፍንዳታው ባፍታ አለፈ፤ ትቶት የሄደው ብርሃን ግን በየሰዓቱ እየከሰመ እስካሁን አለ። ዛሬ ማታ ውጭ አገር ያለ ትልቅ ቴሌስኮፕ፣ አቧራ እምብዛም የማያግደውን ታኅተ ቀይ ብርሃኑን ይለካል። እሷ ደግሞ በዚያው ሰዓት አቧራ የሚያግደውን ተራውን ብርሃን ትለካለች። የእሷ ከሚገባው በላይ ደክሞ ከተገኘ፣ ኮከቡ የሞተው በአቧራ ተከቦ ነው ማለት ነው። አሁን ግን የቆቦ እብቅ የዚያ ኮከብ አቧራ ተብሎ ሊቆጠር ነው። ነገ ደግሞ ብርሃኑ ከእሷ ቴሌስኮፕ አቅም በታች ይወርዳል።

አጥሩን ዞራ ወደ አውድማው ሄደች። አከራይዋ ወልደ ሚካኤል ከሁለት ወንድሞቹ ጋር በመንሽ ያዘራል። ሚስቱ በላይነሽ ከምርቱ ላይ ገለባ ትጠርጋለች። ማንም አይናገርም። ምርት አውድማ ላይ ሳለ ድምፅ ከፍ አይልም፤ ከተጮኸ በረከቱ ይሸሻል።

«ጫማሽን» አለች በላይነሽ በሹክሹክታ።

አውድማ በጫማ አይረገጥምና ፍሬሕይወት ጫማዋን አወለቀች። «አያ ወልደ ሚካኤል፣ ለሁለት ሰዓት ብቻ ይተዉልኝ። ትናንት ነግሬዎት ነበር እኮ!»

«ትናንት ነፋስ አልነበረማ» አለ መንሹን ሳያቆም። «ሳምንቱን ሙሉ ቁጭ ብዬ ጠበቅሁት፣ ዛሬ መጣልኝ። ወዲያ ዞብል ተራራ ላይ ደመናውን አታዪውም? ከዘነበበት ጤፉ ጠቁሮ ይቀራል።»

«የእኔም ነገ የለም።»

«ምኑ?»

«ብርሃኑ።»

«አይ መምህርት» አለች በላይነሽ በነጠላዋ አፏን ይዛ፣ «ፀሐይ እንኳ ነገ ትመለሳለች። ያንቺው ኮከብ ነው የኮራው?»

የወንድማማቾቹ ትከሻ በሳቅ ተንቀጠቀጠ፤ ድምፅ ግን አላወጡም። ፍሬሕይወት ድምፅ የሌለውን ሳቅ መቻል አቃታት።

«ሁለት ሰዓት!» ብላ ጮኸች። «ሁለት ሰዓት ነው የለመንኳችሁ! እንደ ሰው ብትቆጥሩኝ ምን አለበት!»

መንሾቹ አየር ላይ እንዳሉ ቆሙ። በላይነሽ አማተበች። ወልደ ሚካኤል መንሹን ገለባው ውስጥ ሰካ።

«በቃ፣ ዛሬ ማዝራት የለም» አለ ለወንድሞቹ። «ሸራውን አምጡ።»

«እኔ ስጨርስ ትቀጥላላችሁ እኮ...»

«ከተጮኸበት በኋላ? ሂጂ፣ ሰማይሽን ተመልከቺ።»

እብቁ ወዲያው ጠራ። ፍሬሕይወት ወደ ቴሌስኮፑ ተመልሳ ምስል አነሳች፤ ምስሎቹን ደራርባ ስታይ ፈዛዛ ነጥብ ቦታው ላይ አገኘች። ለካችው። ውጤቱን ልካ ቀና ስትል ወልደ ሚካኤል ከኋላዋ ቆሟል።

«ነፋሴን የበላውን አሳዪኝ።»

በጣቷ አመለከተችው። ጎንበስ ብሎ ፈለገ።

«ይቺ? ይቺ ጉድፍ የምታህል?»

«ነገ አትታይም።»

«ነገ ነፋሱም የለም።»

«ታዲያ አሁን ይመለሱና ያዝሩ!» ቁጣዋ እንደ አዲስ ገነፈለ። «ይኸው ይነፍሳል! ማን ከለከለዎት?»

«አንቺ» ብሎ ጥሏት ሄደ።

አልጋዋ ላይ ሆና የመንሽ ድምፅ ጠበቀች። አንድም አልሰማችም። ነፋሱ በምርቱ ላይ የተዘረጋውን ሸራ ሲያርገበግብ አድሮ፣ ሊነጋጋ ሲል ቆመ።