የትኛው ክር?

አካለ ወልድ መበየጃውን እንደያዘ ስልኩ ጮኸ። የሚደውለው ከሞጣ ኃይለ ሚካኤል ነበር። እዚችው የቢቸና ሱቅ ውስጥ አብሮት ሬዲዮ ሲጠግን የኖረ፣ ዛሬ ግን ዓይኑን ማየት የማይፈልገው ሰው።

"አካለ፣ አንድ ነገር ቸግሮኝ ነው።"

"ዛሬ ገና ቸገረህ?"

ሲለያዩ ኃይለ ሚካኤል የአንገቱን ክር ይዞ፣ ስምህን በክፉ አላነሳም ብሎ ምሎለት ነበር። ሞጣ ሱቅ ከከፈተ ወዲህ ግን "አካለ ወልድ ደህናውን ዕቃ እያወጣ በአሮጌ ይተካል" እያለ አስወራበት። ጎረቤቱ ወይዘሮ አመተ ሥላሴ እንኳ ወሬውን አምነው፣ የሟች ባላቸውን ባለ መስታወት ቱቦ ሬዲዮ አሸክመው በደጁ ወደ ሞጣ መኪና ሲያልፉ አይቷል። ያን ቀን እህል አልቀመሰም።

"የወይዘሮ አመተ ሥላሴ ሬዲዮ ነው" አለ ኃይለ ሚካኤል። "ትራንስፎርመሩ ስለተቃጠለ ባንተ ዘዴ የሱቅ ጌጥ መብራት ትራንስፎርመር ገጠምኩለት። ሽቦም ጠመጠምኩበት። ቱቦዎቹ ስድስት ቮልት ይፈልጋሉ፤ የቮልት መለኪያ ሜትሬ ግን አራት ብቻ ይላል። ሽቦ ልጨምርበት?"

የአካለ ወልድ ደም ፈላ፤ ደስም አለው። የዚያ ትራንስፎርመር ኮረንቲ እጅግ ፈጥኖ ስለሚርገበገብ ተራ ሜትር አሳንሶ ያነበዋል። ይህን ያወቀው የራሱን ቱቦ አቃጥሎ ነው። ሽቦ ቢጨመርበት በቱቦዎቹ ውስጥ የሚቀላው ቀጭን ክር ይቃጠላል፤ ምትኩ ደግሞ የትም አይገኝም።

"ቱቦዎቹ በርተዋል?"

"ደህና ቀልተዋል። ክሩ ደህና ነው።"

"የትኛው ክር? የሬዲዮው ወይስ የአንገትህ?"

ስልኩን አብራ ስትሰማ የቆየችው የአካለ ወልድ ሚስት ዘሪቱ ወደ ባሏ ጆሮ ጠጋ ብላ "ጨምር በለው! ይቃጠልበትና ይዋረድ!" አለችው።

ቃሉ ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ግን የሚያለቅሱት ሴትዮዋ ናቸው። ያ ሰው ደግሞ "አካለ ወልድ ነው ጨምር ያለኝ" ብሎ ይገላገላል። ይህ በቀል አነሰበት።

"እንዳትነካው። ነገ ጠዋት ይዘኸው ና። ወይዘሮ አመተ ሥላሴ እዚህ ይጠብቁሃል። ስህተትህን በፊታቸው አሳይሃለሁ፤ አንተም ስሜን ለምን እንዳጠፋህ ትነግራቸዋለህ።"

"አካለ፣ በእመቤቴ ይዤሃለሁ…"

"አታስምለኝ፤ አትማልልኝ። ና ብቻ።"

በማግሥቱ የሞጣ መኪና ጡሩምባ ሲሰማ፣ ዘሪቱ ከጓዳ ሁለት ወንበር አውጥታ ጎን ለጎን አስቀመጠች። አካለ ወልድ አንዱን አንሥቶ ወደ ጓዳ መለሰው።

"ለእሳቸው ነው ወንበሩ" አላት። "እሱ ቆሞ ይናገር።"