«ተመዝግቧል» የሚለው ቃል

ሔራን ደብረ ብርሃን ባለ አንድ ትንሽ የሶፍትዌር ድርጅት ተቀጥራ፣ ሰዎች መተግበሪያ ሲጠቀሙ የት እንደሚቸገሩ ታጠና ነበር። ድርጅቱ የገጠር ጤና ኬላዎች በስልክ አምቡላንስ የሚጠሩበትን መተግበሪያ ይሠራል። ንድፉ ገና በወረቀት ሳለ ለሚጠቀሙበት ሰዎች እናሳያቸው ብላ ብትወተውት፣ ኃላፊዋ ናትናኤል መጀመሪያ ሥራ ላይ ይዋል፣ የቀረውን ሥልጠና ያቃናዋል እያለ አለፋት።

ሥራው ሊያልቅ ሲል ፈቃድ ወስዳ በራሷ አንኮበር ወረደች። ከገደሉ ሥር ባለች ጤና ኬላ የምትሠራውን ወለተሐናን አግኝታ መተግበሪያው ያለበትን ስልክ ሰጠቻትና፣ ምጥ የጠናባት እናት አለች ብለሽ አምቡላንስ ጥሪ አለቻት። ወለተሐና ጽፋ ስትጨርስ «ተመዝግቧል» የሚል ቃል ወጣ። ስልኩን አስቀምጣ ፈገግ አለች። ጥሪው ግን እዚያው ስልኩ ውስጥ ቀርቷል፤ እንዲሄድ ከታች ያለችውን ትንሽ ቀስት መንካት ነበረባት። ሔራን አላረመቻትም። የሙያዋ ደንብ እንዲህ ያለ ሙከራ ላይ ዝም ብሎ ማየት ነው። አመስግናት ተመለሰች።

ያየችውን ስትነግረው ናትናኤል መተግበሪያውን ካስረከብን በኋላ ይታያል አላት። ደግማ አልጎተጎተችውም።

ክረምት ላይ፣ መተግበሪያው ሥራ ላይ ውሎ እንደ ድሮው ደውሎ አምቡላንስ መጥራት ከቀረ በኋላ፣ አንዲት ወላድ ወለተሐና ዘንድ መጥታ ደሟ አልቆም አለ። ወለተሐና ጠራች። አምቡላንሱ ሲዘገይባት ደግማ ብትከፍተውም ያው «ተመዝግቧል» ነው። መንገድ መንገዱን እያዩ ዋሉ። በመጨረሻ ጎረቤት በቃሬዛ ተሸክሟት ዳገቱን ሲወጣ የሴትዮዋ ሕይወት መንገድ ላይ አለፈ።

አጣሪዎች መጡ። ሔራን ያየችውን ብትናገርም የተጠቃሚ ስህተት ነው ተባለ፤ ወለተሐናም ከሥራ ታገደች።

ሔራን ወለተሐና ቤት ድረስ ሄዳ፣ ጥፋቱ የእኛ እንጂ ያንቺ አይደለም አለቻት። ወለተሐና መልሳ ጠየቀቻት።

«ያን ቀን ስሳሳት እያየሽኝ ነበር?»

«አዎ።»

«ታዲያ አፍሽን ምን ያዘው?»

ሔራን ስለ ደንቡ ትነግራት ጀመረች። ወለተሐና ተነሥታ በሩን ከፈተችላት።

ናትናኤል ወዲያው ቃሉን «ገና አልተላከም» በሚል አስለወጠው። ሻይ ተጠጥቶ እስኪመለስ ድረስ እንኳ አልፈጀም። ወለተሐና ግን ወደ ጤና ኬላዋ አልተመለሰችም። በአገሩ ዛሬም ስሟ ሲነሣ፣ ስልክ መንካት አቅቷት ወላድ ያስገደለች ነው የሚሏት።