ውሃ ጠፍቶበት የማያውቅ ቤት

አብረዋት የሚሠሩት ሴቶች ጠርጥሪ ይሏታል። ስሙን ያወጡላት በክፋት አይደለም። በልብስ ንጽሕና ቤቱ የተኩስ ክፍል ካውያ ይዛ ሃያ ዓመት ስትቆም፣ ከማድረቂያው ክፍል የመጣላትን ሸሚዝ "ደርቋል" ብለው ቢምሉላት ቢገዘቱላት ጉንጯን ሳታስነካ ተቀብላ አታውቅም። "እጅ ይዋሻል" ትላለች። "በተለይ ቀኑን ሙሉ በእንፋሎት ሲቀቀል የዋለ እጅ። ጉንጭ ግን አይዋሽም።" እርጥበት ያልለቀቀው ጨርቅ ጉንጭ ላይ ሲያርፍ እንደ ባዕድ እጅ ቀዝቀዝ ይላል። ያን ጊዜ ትመልሰዋለች። አድራቂዋ ታጉረመርማለች፤ እሷ ደግሞ ሰምታ እንዳልሰማች የሚቀጥለውን ታነሳለች።

እንግዲህ እንዲህ ያለች ሴት ቤት ልትገዛ ስትነሳ የሚመጣውን ገምቱት።

ነገሩን ያመጣው አከራያቸው ነው። አሥራ ስምንት ዓመት የኖሩባቸውን ሁለት ክፍሎች "ልጄ ሊያገባ ነው፤ እስከሚቀጥለው ወር መጨረሻ ልቀቁልኝ" አላቸው። ባሏ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው። እናቱም አብረዋቸው ይኖራሉ። ሦስቱ ተቀምጠው ቢመክሩ ቢዘክሩ፣ የዕድሜ ልክ ቁጠባቸው ከባንክ ብድር ጋር ተደምሮ በዚህ እሳት በሆነ ከተማ ሁለት ቤት ብቻ አሳያቸው።

አንደኛው ከከተማው ጫፍ፣ አውቶቡሱ ራሱ ደክሞት ከሚመለስበት ቦታ ነው። ምድር ቤት ነው፤ ሦስት ክፍል ከትንሽ ጓሮ ጋር አለው። ሾፌሩ ግን የመጀመሪያውን መኪና ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ማስነሳት ስላለበት፣ ከዚያ ለመድረስ በስምንት ሰዓት መንቃት ሊኖርበት ነው። ሁለተኛው መሀል ከተማ ያለ ኮንዶሚኒየም ነው። ለአውቶቡሱ ማደሪያም ለልብስ ንጽሕና ቤቱም የአሥር ደቂቃ የእግር መንገድ ነው። ታዲያ አምስተኛ ፎቅ ነው፣ አሳንሰር የለውም፤ ወጥ ቤቱም ሁለት ሰው ከገባበት አንዱ ይቅርታ ጠይቆ መውጣት አለበት። ዋጋቸው አንድ ነው። በዚያ ገንዘብ እዚያ ጓሮ ይገዛል፣ እዚህ መስኮት።

"እኔን አትቁጠሩኝ" አሉ አማቷ። "አምስተኛ ፎቅ አንዴ ከወጣሁ የምወርደው በሰው ትከሻ ነው።"

"እማዬ፣ ደግሞ ጀመርሽ" አለ ሾፌሩ።

"ምን ጀመርኩ? ለተሸካሚዎቹ ይታዘንላቸው ብዬ ነው እንጂ።"

የኮንዶሚኒየሙን ቤት ያሳያቸው ደላላ ቀጭን ሰው ነው፤ ከራሱ ይልቅ ቁልፎቹ ይከብዳሉ። "እህቴ" ሳይል አንድ ዐረፍተ ነገር አይጨርስም። ይህንንም ጠርጥሪ አልወደደችለትም፤ ወንድም አጥታ አታውቅም።

የቤቱ ባለቤት ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። መስኮቱ ሥር ነጠላ ጫማ አድርገው ተቀምጠዋል፤ ብዙ አይናገሩም፣ ደረታቸውን ይዘው አልፎ አልፎ ይስላሉ። ቤቱ ብርሃን አለው። ሾፌሩ በመስኮቱ አሻግሮ የመኪና ማደሪያውን ቆርቆሮ ሲያይ ፊቱ እንደ ሕፃን በራ። ጠርጥሪ ግን መኝታ ክፍሉ ውስጥ ቆማለች። ትልቁ ቁም ሳጥን የቆመው በሩ ከአልጋው ጋር እየተጋጨ እኩሌታው ብቻ በሚከፈትበት ቦታ ነው። ባዶ ግድግዳ ደግሞ ማዶ አለ። ልብሱን በየቀኑ የሚያወጣ ሰው ቁም ሳጥን እንዲህ አያቆምም። ቀለሙም ቢሆን የሌሎቹ ግድግዳዎች አርጅቷል፤ የዚያኛው አዲስ ነው።

"ውሃውስ እንዴት ነው?" ብላ ጠየቀች። በዚያ ከተማ ቤት የሚያይ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ነው፤ ሰፈር ሙሉ ሳምንት ባልዲ ይዞ የሚውልበት ጊዜ አለና።

ደላላው አፉን ሲከፍት መምህርቷ ቀደሙት። መጀመሪያ እሱን አዩት፣ ቀጥለው እሷን።

"እዚህ ቤት ውሃ ጠፍቶ አያውቅም" አሉ። "በጋም ክረምትም።"

"ተመስገን" አለ ሾፌሩ።

"ሰማሽ አይደል እህቴ?" አለ ደላላው።

ሰምታለች። ግን ይህን የመሰለ የምሥራች ሲናገሩ ሴትዮዋ ፈገግ አላሉም። ጥያቄውን ሰሌዳ ላይ ጽፋ መልሱን እንደምትጠብቅ አስተማሪ ዓይን ዓይኗን ነው ያዩዋት።

ደረጃውን ሲወርዱ ደላላው ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ዓርብ ሌላ ገዢ አለ። እኔ ግን እናንተን ወድጃችኋለሁ። ነገር ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ ነው እህቴ። ቀብዱን ጣል አድርጉና ልቤን አሳርፉት።"

"ልብህ ትንሽ ይቁም" አለችው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤት ውስጥ ሰላም ጠፋ። የሚጮህ አልነበረም፤ ጠርጥሪ ግን አየች። ማክሰኞ ከሥራ ስትመለስ ባልና እናቱ ጨዋታቸውን ቀጥ አደረጉ። አማቷ ጉልበታቸውን ቅባት እያሹ ነበር፤ ጫማቸው ጎን ላይ ነጭ የግድግዳ ኖራ ተልክፎበታል። ከቤት ወጥተው የማያውቁ ሴትዮ ኖራ ከየት አመጡ? ስልክ ሲጮህ ደግሞ ሾፌሩ "ሄሎ" ሳይል ወደ በረንዳ ወጣ። ሲመለስ ያፏጫል።

"ደላላው ነው?"

"እሱ ነው። ደህና ናችሁ ወይ ብሎ ነው።"

"ደላላ ለጤናችን ምን ቤት ነው? ቀብድ ሰጥተሃል።"

"አልሰጠሁም።"

"ዓይኔን እያየህ በለኝ።"

"አልሰጠሁም እያልኩሽ። አንቺ እኮ ጠርጥር ከገንፎ ውስጥ አይጠፋም ስንጥር ሲባል ሰምተሽ፣ ስንጥሩን ፍለጋ ገንፎውን የምታቀዘቅዢ ነሽ።"

አማቷ ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑት። ጠርጥሪ ባሏ ሻወር ሲገባ ከፍራሹ ሥር የባንክ ደብተሩን አውጥታ አየች። ሳንቲም አልተነካም። ይህም የባሰ አስጠረጠራት፤ ምንም ያልነካ ሰው ለምን ያፏጫል?

ሐሙስ በምሳ ሰዓት ለማንም ሳትነግር ወደ ኮንዶሚኒየሙ ሄደች። ደረጃውን ስትወጣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣ ከግድግዳው ተጠግታ አንዲት የእንጨት ወንበር አገኘች። ባለፈው አልነበረችም። ማን ነው ደረጃ ላይ ወንበር የሚያስቀምጥ? ቆማ አየቻት፣ አለፈቻት፣ ዞራም አየቻት።

መምህርቷ በሩን ከፍተው ሲያዩዋት አልደነገጡም።

"ዛሬ ደግሞ አንቺ ነሽ" አሉ። "ማክሰኞ አማትሽ፣ ዛሬ አንቺ። ግቢ ልጄ።"

"አማቴ? እዚህ?"

"አልነገሩሽም? ልጃቸው ከኋላ እየደገፈ መጡ። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ትንፋሽ አጥሯቸው ግድግዳ ተደግፈው አገኘኋቸውና ወንበር አወጣሁላቸው። ምናልባት ይመለሱ ይሆናል ብዬ እዚያው ተውኳት።" መምህርቷ ትንሽ ሳሉና ቀጠሉ። "እኔንም አደራ ብለውኝ ነበር፤ ይኸው አደራ በላሁ። 'ለምራቴ እንዳይነግሩብኝ። እምቢ ካለች በቤቱ ምክንያት እምቢ ትበል እንጂ በእኔ ጉልበት አትበል' ነው ያሉኝ።"

ኖራው፣ ቅባቱ፣ ፉጨቱ፣ ሁሉም ቦታ ቦታውን ያዘ። ስታብጠለጥላቸው የከረመቻቸው ሁለቱ ሰዎች ደረጃ ሲቆጥሩ ነበር የከረሙት። ዓይኗ እንባ ያቀረረ መሰላት፤ ግን ሃያ ዓመት የተለማመደ አካል በራሱ ይሄዳልና፣ እግሯ ወደ መኝታ ክፍሉ ወሰዳት። ቁም ሳጥኑን በትከሻዋ ገፋ አደረገች። ከግድግዳውና ከሳጥኑ መሀል ራሷን አስገብታ ጉንጯን ለጠፈች።

ቀዘቀዛት። እንደ ባዕድ እጅ።

"እማማ" አለች እዚያው ተለጥፋ። "ይህ ግድግዳ እርጥብ ነው።"

"ነገርኩሽ እኮ ልጄ።"

"መቼ ነገሩኝ?"

"ውሃ ጠፍቶ አያውቅም አላልኩሽም? በጋም ክረምትም።"

ጠርጥሪ ከግድግዳው ተላቃ ዞረች። መምህርቷ በሩ ላይ ቆመዋል፤ አሁን ፈገግ ብለዋል፣ ግን የሚያፍር ሰው ፈገግታ ነው።

"ከላይ ያለው ቤት የመታጠቢያ ቧንቧው ያንጠባጥባል" አሉ። "ባለቤቱ ሌላ ከተማ ነው የሚኖረው፤ ቤቱን የሚያከራይለት፣ የሚያስጠግንለትም ይኸው ደላላችን ነው። ለማስጠገኛ የተላከለትን የት እንዳደረሰው እሱ ያውቃል። ግድግዳውን ቀለም አስቀብቶ፣ ቁም ሳጥኔን አስጠግቶ፣ ስለ ግድግዳው ትንፍሽ እንዳልል አስማለኝ። ስለ ግድግዳው ትንፍሽ አላልኩም። ስለ ውሃው ነው የተናገርኩት።"

"ለምን በግልጽ አልነገሩንም?"

"በግልጽ ብናገር ማን ይገዛልኛል? ደረቴ ይህን ቤት አልቻለውም፤ እህቴ ዘንድ መግባት አለብኝ። ዝም ልበል ብል ደግሞ ሠላሳ አራት ዓመት አትዋሹ ሲል የኖረ አፌ እምቢ አለኝ። ከእናንተ በፊት ስድስት ሰው መጣ። ደረጃውን ያማረረ አለ፣ ዋጋውን ያማረረ አለ። ውሃውን ግን ሁሉም ተመስገን ብሎ ነው የሄደው። ከየት ነው የሚመጣው ብሎ የጠየቀ የለም።"

ማታ ራት ላይ ጠርጥሪ ያየችውን ሁሉ ተናገረች፤ ከወንበሯ በቀር። ሾፌሩ ቁራሹን አስቀመጠ። መስኮቱ ከፊቱ ላይ ሲዘጋ ታያት።

"ቀረ ማለት ነው" አለ። "እሺ። ከስምንት ሰዓት ጀምሮ መንቃት ሰው አይገድልም።"

"ይገድላል" አለች። "መሪ ላይ አንቀላፍተህ አንተንም ሰውንም ትገድላለህ።"

"ታዲያ ምን ይሁን ነው የምትይው?"

አማቷ ወደ ምራታቸው ዞሩ። "የዳር አገሩንስ ቤት ግድግዳ በጉንጭሽ አይተሽዋል?" ብለው ጠየቁ።

"አላየሁትም።"

"እንግዲያው የዚያኛው ነውር ገና አልታወቀም። የዚህኛው ታውቋል። ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል ይባላል። ደግሞ እርጥብ ነገር ማድረቅ ከአንቺ ሌላ ማን ያውቅበታል?"

"እማማ፣ እኔ የማውቀው ሸሚዝ ነው። ቧንቧው እስካልተሠራ ግድግዳ በካውያ አይደርቅም።" ከዚያ ቀና ብላ አየቻቸው። "ደረጃውንስ?"

ሾፌሩ እናቱን አየ።

"የትኛውን ደረጃ?" አሉ አማቷ።

"ወንበር ያለበትን።"

አሮጊቷ ጉልበታቸውን ዳሰስ ዳሰስ አደረጉ። "መምህር ሆነው ምሥጢር አይችሉም" አሉ። "ይቻላል ደረጃው። ቀስ ከተባለ ይቻላል። እዚያ ሆኜ መንገደኛ እያየሁ ማርጀት ነው እንጂ፣ እዚያ ጓሮ ከማን ጋር ላወራ ነው? ከጎመን ጋር?"

ሾፌሩ ግን ሐሳብ ገብቶታል። ዓርብ ነገ ነው፤ ሌላ ገዢ አለ ተብሏል፤ አከራዩ የሰጣቸው ቀን እንደ ሻማ እያለቀ ነው። ቧንቧ እስኪሠራ ቢጠብቁና ቤቱ ቢያመልጣቸው ዕቃቸውን ይዘው የት ይወድቃሉ?

"ሌላ ገዢ የለም" አለች ጠርጥሪ።

"በምን አወቅሽ?"

"አላወቅሁም። ጠረጠርኩ።"

በማግስቱ ከተኩሱ ጠረጴዛ አጠገብ ቆማ ስልኳን አነሳች። ደላላው ገና "እህቴ" ብሎ ሳይጨርስ ገባችበት።

"ቤቱን ወደነዋል። የምንፈርመው ውሃው የጠፋ ዕለት ነው።"

"ምን አልሽ እህቴ? እዚያ ቤት እኮ ውሃ..."

"ጠፍቶ አያውቅም። አውቃለሁ። አሁን ይጥፋ። ከላይ ያለውን ቧንቧ አስጠግን፤ የሚያስጠግነው ማን እንደሆነ ነግረውኛል።"

ደላላው ጉሮሮውን ጠረገና "ሌላው ገዢኮ ዛሬ..." ብሎ ጀመረ።

"ስጠው። እሱንም ግድግዳውን አሳየው። አንተው አይደለህ ሳይደርቅ በእርጥቡ ያልከኝ? የእኛ ሲደርቅ ነው።"

ስልኩን ዘጋች። አድራቂዋ አንድ ሸሚዝ አቀበለቻት። ጠርጥሪም የዚያን ቀን፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ጉንጯን ሳታስነካ ተኮሰችው።

ቅዳሜ አለፈ፣ እሑድ አለፈ። ሾፌሩ ማፏጨቱን ተወ። አማቷ ዕቃ በካርቶን መሙላት ጀመሩ፤ ወዴት እንደሚጓዝ ግን የጠየቃቸው የለም። ሰኞ ከቀትር በኋላ መምህርቷ ደወሉ። "መዶሻ ይሰማኛል ልጄ" አሉ። "ከላይ።"

ቧንቧው በሁለት ቀን አለቀ፤ ግድግዳው ግን እንደ ሸሚዝ አይደለምና አሥራ ዘጠኝ ቀን ፈጀ። ጠርጥሪ በምሳ ሰዓት እየሄደች ጉንጯን ታስጠጋለች፤ "ገና ነው" ትልና ትወርዳለች። አከራዩ ከሰጣቸው ቀን አራት ሲቀረው፣ ሦስቱም አብረው ወጡ። አማቷ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ወንበሯ ላይ ተቀመጡ፤ የቀሩት ቆመው ጠበቋቸው።

መኝታ ክፍሉ ውስጥ ቁም ሳጥኑ ወደ ማዶው ግድግዳ ተዛውሯል። ጠርጥሪ ጉንጯን ለጥፋ ዓይኗን ጨፈነች። ሾፌሩ ትንፋሹን ያዘ። ደላላው በር ላይ ቆሞ ቁልፎቹን እንኳ አላንሿሿም።

"እህሳ?" አሉ መምህርቷ።

"ውሃ ጠፋ" አለች።

"ተመስገን" አለ ሾፌሩ፤ አሁን ግን ምን ለማለት እንደሆነ አውቆ ነው ያለው። ጉንጯ ላይ የቀረውን ኖራ በአውራ ጣቱ ሊጠርግላት ቀረብ ሲል፣ እሷ ቀና ብላ ጣራውን ታይ ነበር።

"ያቺ መስመር ምንድን ናት?" ብላ ጠየቀች።

"የሸረሪት ድር ናት" አሉ አማቷ ከበሩ ሆነው፣ ትንፋሻቸውን እየሰበሰቡ። "ፈርሚ አሁን፤ ቁጭ ልበልበት።"