አላጄን ማን ይምራ

ኣሪያም ዞር ብላ ስታይ አባቷ ከኋላዋ አልነበረም።

ከመቀሌ ወጥተው፣ የቁሓን ዳገት በጠዋት ብርድ ጨርሰው፣ ወደ ደቡብ ታጥፈው ዓዲ ጉዶምን እስኪያልፉ ድረስ የብስክሌቱ ሰንሰለት ድምፅ ከጆሮዋ አልተለየም ነበር። አሁን የሚሰማት ንፋሱ ብቻ ነው።

"ምን ሆነ ይሄ ሰውዬ?" አለች ለራሷ፤ ብስክሌቷን አዙራ ቁልቁል ለቀቀችው።

አባቷን ሓድጉን ሁለት ጠመዝማዛ ዝቅ ብሎ አገኘችው። ቀጥ ብሎ መንዳት አቅቶት ከመንገዱ ዳር እስከ ዳር እንደ ሰካራም ይመላለሳል። ከኋላው የይማም አይሱዙ የጎን መብራቶቿን ብልጭ ድርግም እያደረገች በኤሊ እርምጃ ትከተለዋለች። ይማም መቀሌ የሚኖር ወሎዬ ነጋዴ ነው። በየሳምንቱ ከቆቦ ሽንኩርት ያመጣል፤ ሲወርድ ባዶውን ስለሆነ ትርፍ ጎማና ሻንጣቸውን ጭኖ እስከ ማይጨው ሊያጅባቸው ተስማምቷል።

"ኣቦይ፣ ውረድ!"

"ደህና ነኝ ጓለይ። አንቺ ሂጂ።"

"ውረድ አልኩህ! ከንፈርህ አመድ መስሏል።"

ወረደ ከማለት ወደቀ ማለት ይቀላል። ትከሻውን ደግፋ ከመንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ አስቀመጠችውና እጇን በማልያው የኋላ ኪስ ሰደደች። ሁለቱ ሙዝ፣ ተምሩና የለውዝ ቅቤ የተቀባው ዳቦ ጠዋት እንዳስቀመጠቻቸው ናቸው። ሙዙ ብቻ በሙቀት ጠቁሯል።

"አንድም አልበላህም። ውሃውስ? ሁለት ኮዳ ስትጨርስ በዓይኔ አይቻለሁ።"

ሓድጉ መሬት መሬት እያየ፣ "አንገቴ ላይ ነው ያፈሰስኩት" አለ። ቀጥሎም ወደ ይማም ቀና ብሎ፣ "ስንት ሰዓት ሆነ?" ሲል ጠየቀ።

"ሰባት ተኩል፣ ጋሽ ሓድጉ።"

"እንግዲህ አንድ ሰዓት ተኩል ቀረኝ።"

ያን ጊዜ ገባት።

ጉዞው የሙከራ ነበር። ከፋሲካ በኋላ አሥራ ሁለት ብስክሌተኞች ከውጭ ይመጣሉ። በመጀመሪያው ቀን ከመቀሌ ተነሥተው የአላጄን ተራራ ተሻግረው ማይጨው ያድራሉ፤ በማግሥቱ በሐሸንጌ ሐይቅ ዳር አልፈው በጽድ ጫካው አድርገው ኮረም ይገባሉ። መስመሩን የምታጠናው ኣሪያም ናት፤ ሓወልቲ አካባቢ አንዲት ክፍል በተከራየ አስጎብኚ ድርጅት ውስጥ ትሠራለች። ከፊት ሆኖ የሚመራቸውን ሰው የሚመርጠው ግን አለቃዋ ሔሩይ ነው። የአባቷን ስም ስታነሣለት ሳቀ። "ስድሳ ሁለት ዓመት? ረቡዕ አላጄን መኪና ሳይሳፈሩ ከወጡ እሳቸውን እጽፋለሁ። ካልሆነ ሌላ ሰው አለኝ" አላት።

ሓድጉ ይህን ከሰማ ጀምሮ ቀዳማይ ወያነ ሰፈር ባለችው የብስክሌት መጠገኛ ሱቁ ውስጥ እጁ ሥራ አልይዝ አለው። በወጣትነቱ ለክለብ ይወዳደር ነበር። ከጦርነቱ ወዲህ ግን ከቁሓ አልፎ አያውቅም፤ የሰው ብስክሌት እየጠገነ፣ ሰው በላዩ ሆኖ ሲሄድ በሩ ላይ ቆሞ ያያል። የድሮ ማልያውን አሳጥቦ ሱቁ ውስጥ ሰቅሎት ሰነበተ። ደንበኛ ሲገባ፣ "ይህቺ? ለረቡዕ ናት" ይላል፣ ማንም ሳይጠይቀው።

ኣሪያም በበኩሏ ለዚህ ቀን ያላሰበችው ነገር ያለ አልመሰላትም ነበር። ወቅቱ ዐቢይ ጾም ስለሆነ ወተትም እንቁላልም የሌለበት ስንቅ ራሷ አዘጋጀች። የሚበላውን አሰበች እንጂ የሚበላበትን ሰዓት አላሰበችም። እሷ ቁርሷን በልታ የምትጾም ናት። አባቷ ሱቅ ስለሚውል ምሳውን መቼ እንደሚበላ አይታም ጠይቃም አታውቅም።

"እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው የምትጾመው?"

"ታዲያ እስከ ስንት ሊሆን ኖሯል?"

"ዳገት እየነዳህ? ጠብታ ውሃ ሳትቀምስ?"

"ድሮም ጾሜ ነድቻለሁ።"

"ድሮ ሃያ ዓመትህ ነበር!"

"ሃያ ሦስት።"

ይማም ከመኪናው ወርዶ ጎማ እንደሚያይ ሰው ጎንበስ አለ። ኣሪያም ወደ እሱ ዞረች። "አንተም ታውቅ ነበር?"

"ጾመኛ ጾመኛን ያውቃል። ዓዲ ጉዶም ላይ አንቺ ፉል ስትበዪ እኛ ጥላ ስር የቆምን ምን ልንሠራ መሰለሽ?"

"ረመዳን ስለሆነ ይማም ብቻውን እንዳይሆን ነው ኣቦይ ያለኝ" አለች ኣሪያም።

"እሱም እውነት ነው" አለ ሓድጉ።

"የእሳቸውስ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ያበቃል" አለ ይማም። "እኔ ፀሐይ እስክትጠልቅ አለሁ። ለእኔ ግን ማንም አላለቀሰም።"

"እዚህ የሚያለቅስ ሰው የለም!" ብላ ጮኸችበትና ወደ አባቷ ተመለሰች። "ወይ ብላ፣ ወይ መኪናው ላይ ውጣ።"

"ሁለቱንም አላደርግም።"

"ስማኝ ኣቦይ። ያናደደኝ መጾምህ አይደለም። እንግዶቹ ሲመጡ ፋሲካ አልፏል፤ ሃምሳው ቀን ነው፣ ጾም የለም። መደበቅህ ነው ያናደደኝ። ብትነግረኝ እሑድ አደርገው ነበር፤ እሑድ እስከ ዘጠኝ አይጾምም። ከፊት የሚሄድ ሰው ሊወድቅ ደርሶ 'ደህና ነኝ፣ ሂጂ' የሚል ከሆነ፣ የተከተሉትን አሥራ ሁለት ሰዎች ገደል ይዞ ይገባል። ለሔሩይ ምን ልበለው?"

ሓድጉ ጓንቱን አወለቀ፤ አጣጠፈ፤ መልሶ ዘረጋው። ንፋሱ ከላይ ሲወርድ ላቡ ደርቆበት መንቀጥቀጥ ጀመረ። ኣሪያም የራሷን የንፋስ ጃኬት አውልቃ አለበሰችውና ዚፑን፣ ትምህርት ቤት የረፈደበትን ልጅ እንደምታለብስ እናት፣ በአንድ ጊዜ እስከ አገጩ ሳበችው።

"ስልክ የተዘጋ ጊዜ አንቺ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ነበርሽ" አለ ሓድጉ። "ዓመት ከምናምን ድምፅሽን አልሰማንም። እናትሽ ታለቅሳለች። እኔ ማልቀሱን አላውቅበትም፤ ተሳልኩ። ድምጿን ካሰማኸኝ እስክሞት ድረስ ጾሙን በሰዓቱ እጾማለሁ አልኩ። ከዚያ አንድ ቀን ስልኩ ጮኸ። 'እንደምን አላችሁ' እንኳን አላልሽም። 'ምነው ቶሎ አታነሡም?' ነው ያልሽው።"

ይማም ሳቁ አመለጠው። ኣሪያም አልሳቀችም። ያን ቀን ታስታውሳለች፤ አርባ ጊዜ ያህል ሞክራ ነበር የገባላት። ለማንም ግን አልተናገረችም፤ አሁንም ልትናገር አልፈለገችም።

"እና እኔ ስለደወልኩ ነው አንተ አላጄ ላይ የምትደፋው?"

"ዋጋው አይበዛም" አለ ሓድጉ።

ሰዓቷን አየች። ገና ሰባት ከሃምሳ ነው። መጠበቅ ከሁሉ ነገር በላይ የምትጠላው ሥራ ነበር። ስልኳን አውጥታ ካርታውን ከፈተችና አጠገቡ ቁጭ አለች።

"በል ዝም ብለን አንቀመጥ። የነገውን መንገድ ንገረኝ። ከማይጨው በኋላ ምን አለ?"

ሓድጉ ካርታውን አላየውም። ዓይኑን ጨፍኖ ጣቶቹን ፍሬን እንደሚይዝ ሰው አጠፋቸው። "ከማይጨው እንደወጣን ዳገት ነው፤ ረጅም ነው ግን አይከፋም። ጫፉን አልፈሽ ስትወርጂ ሐሸንጌ ድንገት ከፊትሽ ይዘረጋል። ሰው ሁሉ የሚወድቀው እዚያ ነው።"

"መንገዱ ተበላሽቷል?"

"መንገዱ ምን ይሆናል? ሐይቁን እያየ ነው የሚወድቀው። ዓይኑ ውሃው ላይ ሲቀር እጁ ብስክሌቱን ወደዚያው ይነዳታል። እኔ ራሴ ወድቄያለሁ፤ ይኸው ክርኔ። ስለዚህ ከመታጠፊያው በፊት ሁሉንም ታስቆሚያቸዋለሽ። ይዩ፤ ይጥገቡ፤ ፎቶ ያንሡ። ከዚያ ነው የምትለቂያቸው። ጫካው ውስጥ ደግሞ የጭጋጉ እርጥበት ቀትር ላይ እንኳ ካስፋልቱ አይደርቅም። ነጩ መስመር ላይ ፍሬን የያዘ ተነሥቶ አይነዳም።"

ኣሪያም የጠመዝማዛውን ብዛት፣ የዳገቱን ቁመት፣ ውሃ የሚገኝበትን ቦታ ሁሉ መዝግባ ነበር። ይህንን ግን የትም አላገኘችውም። አንድ በአንድ ጻፈችው። ሓድጉም ሲያወራ መልኩ ትንሽ ተመለሰ።

"ዘጠኝ ሰዓት!" ሲል ይማም ከመኪናው ጮኸ።

ሓድጉ አማተበ። ከኣሪያም ኮዳ ውሃ እየቆራረጠ ጠጣ። ኣሪያም የጠቆረውን ሙዝ ልጣ ሰጠችው፤ ከዚያ ዳቦውን፣ ከዚያ ተምሩን። ይማም ፊቱን ወደ ገደሉ አዙሮ፣ "ዛሬስ ሙዝ እንኳ ይሸታል" አለ።

ግማሽ ሰዓት አርፈው ተነሡ። ኣሪያም እንደ ልማዷ ከፊት ሆነች። ገና አንድ ጠመዝማዛ ሳያልፉ ትንፋሹ ከኋላዋ ሲፈጥን ሰማች። ቀዝቀዝ አለች፤ ትንሽ ቆይታ ግን እግሯ ሳታዘው ፈጠነ።

"አንቺ ከፊቴ ካለሽ እግሬ የአንቺን ነው የሚከተለው" አለ ሓድጉ እያለከለከ። "ከጠዋት ጀምሮ እንዲሁ ነው። አላስቻለኝም።"

ይህን ሳይደብቅ መናገሩ ገረማት። ከኋላው ሆና ሞከረች። የባሰ ሆነ፤ የፊት ጎማዋ እየሾለከ አጠገቡ ይደርሳል፤ እሱም ባየው ቁጥር ይቸኩላል። ኣሪያም ብስክሌት ከጀመረች አንስቶ ዳገት ላይ መኪና ተሳፍራ አታውቅም። ክለብ ሳለች ወድቃ ጉልበቷ እየደማ እንኳ እምቢ ብላ ወጥታለች።

እጇን አንሥታ አይሱዙዋን አስቆመች።

"ጎማ ተነፈሰብሽ?" አለ ይማም።

"አልተነፈሰም። ብስክሌቷን ጫንልኝ።"

ጋቢና ገብታ በሩን ዘጋችው። ከፊታቸው ሓድጉ አንዴ ዞር ብሎ አየ። ከዚያ አንገቱን ቀብሮ በራሱ እርምጃ መውጣት ጀመረ። ቀስ ያለ ነው፤ የሚያሳብድ ቀስታ ነው፤ ግን ቀጥ ያለ ነው።

ሦስት ጠመዝማዛ ሲቀራቸው ሔሩይ ደወለ። ኣሪያም ሁሉንም ነገረችው፤ ጾሙን፣ መደበቁን፣ ሁለት ሰዓት መቆማቸውን፣ ሐሸንጌ ላይ ሰው የት እንደሚወድቅ።

"ለእንግዶቹም የሚደብቁ ከሆነስ?" አለ ሔሩይ።

"እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው። ቅድም ግን ሲያቅተው ራሱ ነገረኝ።"

"እሺ። ዋናውን ንገሪኝ፤ መኪና የተሳፈረ ሰው አለ?"

"አለ።"

ሔሩይ ተነፈሰ። "አዝናለሁ ኣሪያም። አባትሽ ጥሩ ሰው ናቸው፣ ግን—"

"እኔ ነኝ የተሳፈርኩት" አለችው። "እሱ ከፊት ነው።"

"ጫፉ ላይ ሲደርሱ ደውዪልኝ። ያኔ ስማቸውን እጽፋለሁ" አለ ሔሩይ።

ስልኩን ጭኗ ላይ አስቀመጠችና አንገቷን አስግጋ የአባቷን ጀርባ ተመለከተች። ከዚያ እጇን በይማም ክንድ ላይ ጣል አደረገች።

"ራቅ በልለት" አለችው። "የሞተሩን ድምፅ ሰምቶ እንዳይቸኩል።"